የሰሊጥ ቡድን ስልክ ያዥ

ጡረታ የወጣሁት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ጡረታ ማለት «ከእንግዲህ ያንቺ ሥራ አያስፈልግም» መባል ከሆነ እኔም ተብያለሁ። እንዳያስፈልግ ያደረግሁት ግን ራሴ ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ሌላ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይሸለማል። እኔን የሸለሙኝ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ሾዋክ ከተማ ባለችው ሱቄ ውስጥ ከበርበሬው በላይ አስቀምጬዋለሁ። ገበያተኛ «ይሸጣል?» ሲለኝ «አይሸጥም፣ ጡረተኛ ነው» እላለሁ።

ሥራዬ ስልክ መያዝ ነበር። ላስረዳ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለነው ሐበሾች የእግር ኳስ ቡድን አለን፤ ሰሊጥ ይባላል። ስሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ገዳሪፍን ያላየ ሰው ነው። ያቋቋሙት እኔ ሳልወለድ ሰሊጥ ሲያጭዱና ሲነግዱ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ሲያልፍላቸው ከተማውን ለቀው ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ሐጂ ሙክታር ካርቱም ገብተው የጄኔሬተር ዕቃ ነጋዴ ሆኑ፤ ምክትላቸው ኢብራሂም ደግሞ ጅዳ ተሻገረ። ከተማውን ለቀቁ እንጂ ቡድኑን አልለቀቁም። ማሊያ የሚገዙት እነሱ፣ ወደ ውድድር የሚያደርሰንን ሎሪ የሚከፍሉት እነሱ፤ እናም ማን ይሰለፋል፣ ማን ይቀየራል የሚሉትም እነሱ። ሐጂ በስልክ «ይግባ» ካላሉ ማንም አይገባም። የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከኔ ዘመን በፊት፣ አንድ አሰልጣኝ ሳይጠይቅ ሰው ቀይሮ ሐጂ ሎሪውን ከልክለው ልጆቹ ከከተማ ዳር ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በእግራቸው ገቡ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ወሬው ግን ሥራውን ይሠራ ነበር።

ከኔ በፊት ስልኩን የሚይዘው አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ጎል በገባ ቁጥር ስልኩን ወርውሮ አጠገቡ ያለውን ሰው ማቀፉ ነው። ሐጂ ካርቱም ሆነው የሚሰሙት አፈር ላይ የወደቀ ስልክ ብቻ ሆነ። «የማያቅፍ ሰው ፈልጉልኝ» አሉ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሽሮ እመዝን ነበር፤ በአረብኛም በአማርኛም ምላሴ ረጅም ነው እየተባልኩ እታማለሁ። መጡና ጠየቁኝ።

አባቴ ሚዛኑን አስቀመጠና «ወንዶች መሀል ሜዳ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ።

«ምላሴን ላከራይ።»

«ተከራይ ካገኘሽማ ውሰጂው፤ እኛም እንረፍ።»

ደሞዜ ረሲድ ነበር፣ የስልክ ካርድ። ከዚህ በላይ ስለ ደሞዝ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ጠርሐዬን፣ ሻሼን፣ አጥብቄ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከሥሩ ሸጉጬ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆምኩ።

«ምን ሆነ?» አሉ ሐጂ።

«ኳሷ ወጣች።»

«ወዴት ወጣች?»

«ወደ ውጭ ነዋ፣ ሐጂ!»

«ስሚ ልጅት፣ የቀጠርኩት ዓይንሽን ነው፤ ምላስሽን አይደለም!»

ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ የጄኔሬተር ድምፅ። ያለ ማጉያ ከጆሮዬ አልፎ ተቀያሪ ወንበር ድረስ ይሰማል። ልጆቹ ፊታቸውን አያውቁትም፤ ያላቸው ክለቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ጎፈሬ ያለው ጎረምሳ ፎቶ ብቻ ነው። ድምፁን ግን ተኝተውም ያውቁታል። እኔን ደግሞ «ሬዲዮ» አሉኝ። «ሬዲዮ፣ ዛሬ አየሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ላንተ ደመና ነው፣ ተቀያሪ ነህ» እላቸዋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አሰልጣኛችን ጋሽ አለምነው ናቸው። ከጎንደር ቆላ ሰሊጥ ሊያርሙ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ልምምድ አይጀምሩም፤ ዓርብ ደግሞ እኛ ከጁምዓ እስክንመለስ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ነው። በኸሪፍ፣ በዝናቡ ወራት፣ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ጋሽ አለምነው ጨዋታ ያለ ቀን ጠዋት ጫማቸውን አውልቀው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞሩታል። ስንጥቁን የሚያገኙት በውስጥ እግራቸው ነው። አገኙ ማለት ቆም ብለው የማሽላ ገለባ ይሞሉበታል፤ በላዩ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ውኃ፣ ከዚያ በተረከዛቸው ይጠቀጥቁታል። ሌላው ቡድን ኖራ ያሰምራል፤ እኛ ገለባ እንቀብራለን። ሌላ ሜዳ ላይ እግር ሲጠመዘዝ እኛ ጋ የማይጠመዘዘው ለዚህ ነው።

ሌላው ልማዳቸው ጨዋታ ሲጀመር ከኳሷ ዞር ማለታቸው ነው። እውነቴን ነው፣ ኳሷ በቀኝ ስትሆን እሳቸው ግራውን ያያሉ። መጀመሪያ ዓይናቸው የታመመ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ኳሷ እዚያ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ሕዝቡ ሲጮህ ይሰማኛል። ኳሷን ሁሉም ሰው ያይልኛል፤ ይሄን ግን ማን ያየዋል? ተመልከቺው፣ ያ ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ። ቅድም አላሳረፈም። ትንፋሹ አልቋል ማለት ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ለሐጂ ኳስ መንገር አቆምኩ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ፀሐይ የማን በረኛ ዓይን ውስጥ እንደምትገባ፣ ማን እጁን ወገቡ ላይ እንዳሳረፈ፣ ማን ከወደቀ በኋላ በየትኛው እግሩ እንደተነሳ ነገርኳቸው። ድምፅ ከፍ ማድረግም ተውኩ፤ እኔ ስጮህ ሐጂ ጎል ይመስላቸውና ካርቱም ላይ ደንበኛቸውን ጥለው ይነሳሉ። ጎል ሲገባ እንኳ ዱቄት እንደሚመዝን ሰው «ገባ» ነው የምለው። ሐጂ አንድ ቀን «አሁን እያየሁ ነው» አሉኝ። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ስለ ሐጎስ የማወራው እዚህ ጋ ነው። ሐጎስ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በሐምዳይት በኩል ወንዙን ተሻግሮ የመጣ የትግራይ ልጅ ነው። ከካምፕ ወጥቶ ልምምድ ሊያይ መጣ፤ ጋሽ አለምነው ቆሞ ሲያይ አይተው ኳስ ወረወሩለት፤ በግራ እግሩ መለሰላቸው። በቃ፣ የግራ ተከላካያችን ሆነ። በዚያ ዘመን ነገሩ ያልጣማቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከኛም ወገን ከነሱም ወገን። አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ «ጋሽ አለምነው፣ ሰው ጠፍቶ ነው?» ቢላቸው «ሰውማ ሞልቷል፤ የጠፋው ግራ እግር ነው። አንተ ካለህ አምጣ» አሉት። ሐጎስም ቀልደኛ ነው። ላሉት ሁሉ መልሱ «ሕራይ» ነው፤ በትግርኛ እሺ ማለት ነው። «ሐጎስ ሩጥ!» ሕራይ። «ሐጎስ ብላ!» ሕራይ። ልጆቹ «ሐጎስ ሙት!» ቢሉት ሕራይ ብሎ ይተኛላቸዋል።

ከአዝመራ በኋላ በየዓመቱ የድንበሩ ሐበሾች ይወዳደራሉ፤ ከሰላ፣ ሾዋክ፣ ገላባት፣ ኸሽም ኤል ቂርባ፣ እኛ። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ደርሰን ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ተጫወትን። ከግድቡ ማዶ ሳይቀር ሰው መጣ፤ ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ መጣ፤ ስልኩ ሁሉ ባንዴ ሲከፈት ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ሞተ። ከእረፍት በኋላ ሐጎስ አንድ ኳስ ሊያወጣ ተወርውሮ ተነሳ። በቀኝ እግሩ ብቻ ነበር የተነሳው። እኔ አየሁት፤ ጋሽ አለምነውም አዩት።

«ነጃት፣ ጠይቂ!»

ለሐጂ የድምፅ መልእክት ላክሁ። አልሄደም። ሎሪው ጣራ ላይ ወጣሁ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

«አገኘሽ?»

«ሸበካ የለም!»

ጋሽ አለምነው ተቀያሪውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሎሪውን አዩ። «ትንሽ እንጠብቅ» አሉ። ጠበቅን። ሐጎስ እጁን አንሥቶ ወደኛ ያያል፤ እኛ ወደ ስልኩ እናያለን። አንድም ሰው «ጉልበትህ እንዴት ነው?» አላለውም። የባለሜዳዎቹ ፈጣን ልጅ ዞረው፤ ሐጎስ በታመመው እግሩ ተተክሎ ሊዞር ሲል ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ዘንግ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። እሱ ወደቀ፣ ጎል ገባ፣ ዋንጫው ሄደ።

ስንመለስ ሐጎስን ሎሪው ላይ ጆንያ አንጥፈን አስተኛነው። ሾዋክ ልንደርስ ስንል ሸበካ መጣና ስልኩ ተንጫጫ፤ ለካ መልእክቴ ዘግይቶ ደርሷቸው መልሰው ኖሯል፤ ጨለማውን ያ የጄኔሬተር ድምፅ ሞላው፦ «ሐጎስን ቀይሩት! እግሩ ላይ የሆነ ነገር አለ። ሌላ ይግባ።»

ሁላችንም ሰማነው። ሐጎስ ዓይኑን ሳይከፍት «ሕራይ፣ ሐጂ» አለ።

ብዙ ሰው ከሽንፈት ተማርን ይላል። እኔ ምንም አልተማርኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። በማግሥቱ ለሐጂ ደውዬ «ካርቱም ሆነው የሰው ጉልበት አይታይም» አልኳቸው። «ከንግዲህ ሁለት ስልክ ያዙ» አሉ። እነሱ የተማሩት ይሄን ነው፤ ሁለት ስልክ።

ከዚያ የካርቱም ጦርነት መጣ። የሐጂ ስልክ ዝም አለ። ጠዋት እደውላለሁ፣ ማታ እደውላለሁ፤ ዝም። ለዓመታት ዝም ቢሉልኝ ብዬ የተመኘሁት ድምፅ ሲጠፋ ጆሮዬ ባዶ ቤት ሆነ። ኢብራሂም ከጅዳ ደውሎ «ሐጂ እስኪገኝ ውሳኔው በኔ በኩል ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዘንድሮ ዋንጫው ካልመጣ ሰሊጥ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ልጆቹንም ማሊያውንም ከሰላዎቹ ጋር አቀላቅላለሁ» አለ። ኢብራሂምን አንተ እያልኩ የምጽፈው ረስቼ አይደለም።

ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሸ ሰው ተሞላች፤ ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ የዛፉ ጥላ ሁሉ። ልምምዳችንን የሚያይ ሰው በዛ። አንድ ቀን ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ሲጫወቱ የቀኝ መስመሩ ክፍት ሆነ፤ ከሜዳው ጥግ አንድ ድምፅ ተነሣ።

«ቀኙን ዝጉት! ቀኙን!»

ጨዋታው ቆመ። ማንም ፊሽካ አልነፋም፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። ኳሷ ብቻ ተንከባላ ሄዳ ከአንድ ሰው እግር ሥር ቆመች። አጭር፣ የከሳ፣ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ጀላቢያው አቧራ የጠጣ ሽማግሌ ነው፤ ክንዱ ሥር ትንሽ ጥቅል ይዟል። አጥቂያችን አብዱ ወደኔ ዞሮ «ሬዲዮ፣ ስልኩ የት ነው?» አለኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ተዘግቷል።

ቀረብኩ። «ሐጂ?»

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «እኔ እንኳ ረጅም ትመስይኝ ነበር።»

«እኔም እርስዎን።»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ጋሽ አለምነው መጥተው አቀፏቸው። ቤቱም ሱቁም ካርቱም ቀርቷል። አባቴ ከሱቃችን ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጣቸው። ማታ ፉል ስንበላ ከሜዳ ሲወጣ ስላዩት አንካሳ ልጅ ጠየቁኝ።

«ማነው?»

«ሐጎስ ነው።»

ዳቦውን ወደ ሳህኑ መለሱት። «ለምን ጠበቃችሁኝ?»

«ጠብቁ ስላሉን ነዋ፣ ሐጂ።»

ከዚያ ወዲያ ሐጂ በየቀኑ ሜዳ ይመጡ ነበር፤ አይናገሩም። ጋሽ አለምነው ስንጥቅ ሲፈልጉ ሐጂ ገለባውን ተሸክመው ይከተሏቸዋል። ኸሪፍ ሲገባም ጋሽ አለምነው ሐጎስን ጭቃው ውስጥ ያራምዱታል። ጥቁሩ ጭቃ እግሩን ወደ ታች ይስባል፤ እሱ ቀስ ብሎ ይነቅላል፤ ይስባል፣ ይነቅላል። አንድ ቀን እስከ ሽንጡ ተጨማልቆ ሲወጣ «ሰሊጥ መዝራት ትችላላችሁ፤ አርሻለሁ» አለን። ዝናቡ ሲያበቃ አያነክስም ነበር።

የዚያ ዓመት ፍጻሜ ገዳሪፍ፣ በኛው ሜዳ ሆነ። ተጋጣሚያችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከሰላ። ከተሸነፍን የሚውጡን እነሱ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ገና ጎል የለም። እኔ ሳጥኔ ላይ ቆሜ ለኢብራሂም እነግራለሁ። ያን ቀን ደግሞ ሸበካው እንዴት ያለ ነው! ጅዳ ሻይ ሲማሰል ይሰማኛል። ጋሽ አለምነው ለኳሷ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«የነሱ ቀኝ ክንፍ ገና ትኩስ ነው» አሉ። «የኛ ግራ ተከላካይ ግን አበቃለት፤ እጁን ወገቡ ላይ አሳርፏል። ሐጎስ ይግባልኝ። ጠይቂ።»

ጠየቅሁ።

«አይሆንም!» አለ ኢብራሂም። «የተሰበረ ሰው አታስገቡ። ማንም እንዳይገባ! እንዲሁ ለፍጹም ቅጣት ምት ይድረስ።»

«ልጁ መሮጥ አልቻለም እኮ።»

«ማንም እንዳይገባ አልኩሽ!»

ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ ሸበካ የለም ብለን ነበር። አሁን አለ። የምናመካኝበት ነገር የለም። ከሳጥኑ ወረድኩ፣ ማዳመጫውን ነቀልኩና ስልኩን ተቀያሪ ወንበር አጠገብ ጆንያ ላይ ለተቀመጡት ሐጂ ሰጠሁ።

«ሐጂ፣ እምቢ ብሏል። እርስዎ ይንገሩት።»

ሐጂ ስልኩን ተቀበሉ፤ መጀመሪያ ያናገሩት ግን ስልኩን አልነበረም። ወደ ሐጎስ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

ሐጎስ ማሊያውን እያጠለቀ ነበር፤ አንገቱ ከማሊያው ብቅ አለ። «ሕራይ ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ስልኩን ወደ አፋቸው አመጡ። «ኢብራሂም፣ እኔ ሜዳው ላይ ነኝ» አሉ። ሳይዘጉት ጀላቢያቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ በዚያ የጄኔሬተር ድምፅ፦ «አለምነው! ምን ትጠብቃለህ? ሜዳው ያንተ ነው!»

ሐጎስ ገባ። የከሰላው ክንፍ ወዲያው መጣበት። ሐጎስ በግራ እግሩ ተተከለ፤ እኔ ዓይኔን ልጨፍን ስል ጋሽ አለምነው ክንዴን ያዙኝ። «ተመልከቺ፣ ሥራሽ ነው።» ተመለከትሁ። እግሩ ያዘ። ኳሷን ነጠቀ፣ ቀና አለ፣ መሀሉን ሁሉ አሻግሮ ላካት። አብዱ ሊመታት ዘለለና ሳታት፤ በማጅራቱ ነካት። እውነቱን ልጻፍ፣ በማጅራቱ ነው። የከሰላው በረኛ በግራ ሲጠብቃት በቀኝ ገባች።

ከዚያ ያለው ግርግር ነው። ያ ስልክ የሚወረውር ወፍራም ሰውዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሐጂን ከነጆንያቸው አንሥቷቸዋል። ዳኛው ማብቂያውን ሲነፋ የሜዳው አፈር ሁሉ ተነሣ። ሐጎስ ትከሻ ላይ ነው፤ «አውርዱኝ፣ ጉልበቴን ልትሰብሩት ነው!» ይላል። ጋሽ አለምነው ብቻቸውን ለሕዝቡ ጀርባቸውን ሰጥተው በእጃቸው ፊታቸውን ይጠርጋሉ። የአሁኑን ዓይናቸው ታሞ ነው አላልኩም።

ሐጂ ኪሳቸው ውስጥ የሚያለቅስ ነገር ሰሙ፤ ስልኩን አወጡ። ወድቀው ኖሮ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ኢብራሂም ነው። «ገባ? ማን አገባ? ለማን ገባ? ኧረ ስለ አላህ ንገሩኝ!» ጅዳ ሆኖ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቷል፤ አንዱንም አላየም። ሐጂ ስልኩን ሰጡኝ። «ንገሪው» አሉ። እኔም ዱቄት እንደሚመዝን ሰው «ገባ» አልኩት። ከዚያ ግን አልቻልኩም፤ ስልኩን ጨብጬ አጠገቤ ያለውን ሰው አቀፍኩ። አባቴ ነበር። ሱቁን ዘግቶ መምጣቱን እንኳ አላወቅሁም።

ኢብራሂም ቡድኑን ማቀላቀል የሚለውን ነገር ዳግም አላነሳውም። የሚገባ የሚወጣውን የሚወስኑት ሜዳው ላይ ያሉት እንዲሆኑ ተስማማ፤ ዛሬም ማሊያ ይልካል፣ ዛሬም ይጮሃል፣ ግን ከጨዋታ በኋላ ነው። እኔም ሥራ ፈታሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልበትም፤ ሾዋክ አውቶቡሶቹ የሚገናኙበት ጋ የቅመም ሱቅ ከፈትኩ። ልሄድ ስል ስልኩን ሸለሙኝና ሥራ አስፈጻሚ አድርገው መረጡኝ። «ሾዋክ ሆኜ?» ብላቸው ጋሽ አለምነው «ካርቱም ከሆኑት ትቀርቢያለሽ» አሉ።

እንግዲህ እኔም የሩቅ አለቃ ሆንኩ። ባለፈው ዓርብ በርበሬ ስመዝን ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው፤ ከኋላቸው ሕዝቡ ይንጫጫል።

«ነጃት! አብዱ ደክሟል፤ እኔ ይውጣ እላለሁ፣ አለምነው ይቆይ ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ወላሂ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የማን እጅ ወገቡ ላይ እንዳረፈ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«ሐጂ፣ እኔ ሾዋክ ነኝ» አልኩ።

ያ የጄኔሬተር ሳቅ መጣ። «ልክ ነሽ» አሉ፤ ስልኩን ሳይዘጉት ኪሳቸው ውስጥ ሲጨምሩት የጀላቢያው ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ገበያተኛዋ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው?» አለችኝ፤ በእጄ ጠብቂ አልኳት። ከኪሱ ውስጥ እግር ይሰማል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ጋሽ አለምነው «ተዉት፣ ይቆይ!» ሲሉ ይሰማል። ከዚያ አንዲት አጭር ዝምታ። ከዚያ ገዳሪፍ በሙሉ ከሐጂ ኪስ ወጥታ ሱቄን ሞላችው።

ማንም ገባ አላለኝም። በርበሬውን ዘልዬ ገበያተኛዋን አቀፍኳት።